ከመፈልፈያው 3 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፦ የወንዝ ኦክስጅን ሞዴል የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 18

ከጅማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ወንዝ ዳር የቡና እጥበት ጣቢያ አለ። እሸት ቡናው ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ይታጠባል፤ ያጠበው ውሃ ደግሞ ወንዝ ይገባል። ከዚያ 3 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ የእናቴ ወገኖች ውሃ ይቀዳሉ፣ ከብት ያጠጣሉ። ልጆቹ በቡና ለቀማ ወራት ጠዋት ሲወርዱ ትናንሽ ዓሦች ዳር ላይ ሞተው እንደሚያገኙ ነገሩኝ። የገረመኝ ቦታው ነው። ሽታው የሚከረፋው፣ ውሃውም የሚጠቁረው ጣቢያው ሥር ነው፤ ዓሣው የሚሞተው ግን ታች፣ ውሃው ጠራ ብሎ በሚታይበት።

ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምጽፈው የዲፈረንሻል እኩልታ ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት ብዬ ተነሳሁ። የወንዙንም የጣቢያውንም ስም አልጽፍም፤ ሰው ማጋለጥ አይደለም የፈለግሁት።

መነሻው ስትሪተር እና ፌልፕስ በ1925 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ኦሃዮ ወንዝ ያወጡት ሞዴል ነው። ሁለት ነገር ይሽቀዳደማል። ባክቴሪያ ከቡናው የታጠበውን ስኳርና ልጋግ ሲበላ ኦክስጅን ይጨርሳል፤ የዚህን ፍጥነት ኬ1 እለዋለሁ። አየር ደግሞ በውሃው ፊት በኩል ኦክስጅን ይመልሳል፤ ይኼኛው ኬ2 ነው። የኦክስጅን ጉድለቱ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ያ ጫፍ የት ነው? ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው።

እስካሁን ያለኝ፦ ባለ 30 ሜትር የርዝመት መለኪያ፣ ገመድ፣ የእጅ ሰዓት፣ ቦቲ ጫማ (1,100 ብር)፣ የተሟሟ ጨው መለኪያ እስክሪብቶ (1,800 ብር)። ኦክስጅን በቀጥታ የሚያነበው ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ በቲትሬሽን፣ ማለትም ኬሚካል እያንጠባጠብኩ በመቁጠር እለካለሁ።

ጥቅምት 24

የፍሰት ልኬት። መጀመሪያ በብርቱካን። ብርቱካን ከሞላ ጎደል ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ስለሚሄድ ነፋስ አይገፋውም፣ ከሩቅም ይታያል። 20 ሜትር ላይ ስምንት ጊዜ ለቀቅሁ፤ አማካዩ 0.41 ሜትር በሰከንድ ወጣ። የውሃው ፊት ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 ሲባዛ 0.35 ይሆናል። ጥልቀቱን በየግማሽ ሜትሩ በእንጨት ለካሁ፤ አማካይ 0.30 ሜትር።

ግን ወንዙ ድንጋያማ ነው። ከድንጋይ ጀርባ ውሃው ይሽከረከራል፣ ዳር ላይ ይተኛል፤ ስፋት በጥልቀት በፍጥነት ብሎ ማባዛቱን አላመንኩትም። ስለዚህ ጨው። 5 ኪሎ ጨው በሁለት ባልዲ አሟሙቼ በአንዴ ደፋሁና 300 ሜትር ዝቅ ብዬ በየ10 ሰከንዱ እስክሪብቶውን አነበብኩ። የጨዉ መጠን ከመነሻው በላይ ያለው በጊዜ ሲደመር (ኢንተግራል ነው፣ በትራፔዞይድ ሠራሁት)፣ የተደፋው ጨው በዚያ ድምር ሲካፈል የወንዙን ፍሰት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ውጤት ከብርቱካኑ ጋር በእጥፍ ገደማ አልተስማማም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስክሪብቶው የሚለካው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን ነው፤ ወደ ሚሊግራም የሚቀይረው ውስጡ በተቀመጠ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ለእኔ ጨውና ለእኔ ወንዝ እውነት መሆኑን ሳላጣራ ተቀበልኩት።

ጥቅምት 27

ከወንዙ በጀሪካን ውሃ ወስጄ 1 ሊትር ውስጥ 50፣ 100፣ 200 ሚሊግራም ጨው ጨምሬ እስክሪብቶውን በራሴ መስመር አስተካከልኩ። ጨዉን ደግሞ አፈሰስኩ። ድምሩ 23,800 ሚሊግራም-ሰከንድ በሊትር፤ 5,000 ግራም ሲካፈልበት 0.21 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ ማለትም 210 ሊትር። ከብርቱካኑ ጋር ያለው ልዩነት አሁን አሥር በመቶ አይሞላም።

ጨዉ ሌላም ነገር ሰጠኝ። ንባቡ በጊዜ ሲሳል ጉብታ ይሠራል፤ የጉብታው ስፋት ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሰፋ ሲታይ የስርጭት ቁጥሩ (ጨዉ ሲወርድ ምን ያህል እንደሚበታተን) ይወጣል፤ 0.8 ስኩዌር ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው። ለጊዜው አያስፈልገኝም። መዝግቤ አስቀመጥኩት።

ኅዳር 3

ኦክስጅን። ዘዴው ዊንክለር በ1888 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ማንጋኒዝ ሰልፌትና አልካላይ አዮዳይድ ጠርሙሱ ውስጥ ሲጨመር ያለው ኦክስጅን ወደ ቡናማ ዝቃጭ ይታሰራል፤ አሲድ ሲገባ የዚያኑ ያህል አዮዲን ይለቀቃል፤ አዮዲኑን በሶዲየም ታዮሰልፌት እያንጠባጠቡ መቁጠር ነው። 200 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ ጥንካሬው 0.025 ኖርማል የሆነው ታዮሰልፌት 1 ሚሊ ሊትር ሲፈስ 1 ሚሊግራም በሊትር ኦክስጅን ማለት ነው። ኬሚካሉን የሰጠኝ የላብራቶሪ ጓደኛዬ ነው፤ ጠርሙሱ አንገት ላይ አረፋ እንዳይቀር ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝም እሱ። አንድ አረፋ ልኬቱን በሙሉ ያበላሻል።

ከጣቢያው በላይ፣ ምንም ፍሳሽ ከማይነካው ቦታ ናሙና ወሰድኩ። የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ። ሠንጠረዡ ውሃ በ20 ዲግሪ ሲሞላ የሚይዘው ኦክስጅን 9.09 ሚሊግራም በሊትር ነው ይላል። እኔ ያገኘሁት 6.9።

ደገምኩት። 6.9። ታዮሰልፌቱ አርጅቷል ብዬ አዲስ በጠበጥኩ። 6.8። የአዮዲኑን ማለቅ በቀለም የሚያሳየውን ስታርች ቀየርኩ። 6.9። ሁለት ቀን ሙሉ ንጹሑ ወንዝ የት ቦታ እንደተበከለ ሽቅብ እየሄድኩ ፈለግሁ። ምንም የለም፤ ጫካና ድንጋይ ብቻ ነው።

ኅዳር 6

ሠንጠረዡ የባሕር ጠለል ነው! እኛ ያለነው 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 0.81 ያህል ብቻ ነው፤ ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 9.09 በ0.81 ሲባዛ 7.36። ስለዚህ 6.9 ማለት 94 በመቶ የሞላ፣ ጤናማ ወንዝ ነው። ኬሚካሉም ቲትሬሽኑም ምንም አልነበረባቸውም።

ይህንን ሳላርም ሞዴሉን ብጀምር ኖሮ እያንዳንዱ መልስ በ1.7 ሚሊግራም ይሳሳት ነበር። ዓሣ የሚኖርበትን ከማይኖርበት የሚለየው መጠን ደግሞ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ደጋ ላይ ወንዝ የሚለካ ሰው ሁሉ ይህቺን ማባዣ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፋት።

ኅዳር 7–16

ቢኦዲ፤ ባክቴሪያ የፍሳሹን ምግብ ለመብላት በ5 ቀን ውስጥ የሚወስደው ኦክስጅን። ጠርሙሱ 300 ሚሊ ሊትር፣ 20 ዲግሪ፣ ጨለማ።

የመጀመሪያው ዙር ከሸፈ። 3 ሚሊ ሊትር ፍሳሽ በንጹሕ ውሃ አቅጥኜ ዘጋሁ፤ በአምስተኛው ቀን ኦክስጅኑ ዜሮ። ዜሮ ምንም አይነግርም፤ በሁለተኛው ቀን አልቆ ሊሆን ይችላል። ደንቡ በመጨረሻ ቢያንስ 1 ሚሊግራም መትረፍ፣ ቢያንስ 2 ደግሞ መጉደል አለበት የሚል ነው። አምስት ቀን ባከነ።

ሁለተኛው ዙር በ0.5 ሚሊ ሊትር። መነሻ 7.2፣ መድረሻ 2.4። ጉድለቱ 4.8 በ600 ሲባዛ 2,880 ሚሊግራም በሊትር። የቡናው ልጋግና ስኳር ለባክቴሪያ የተዘጋጀ ድግስ ነው። በየቀኑ በከፈትኳቸው ጠርሙሶች ኬ1 0.3 በቀን ሆነ።

ቀን ላይ ከጣቢያው የሚወጣው 2 ሊትር በሰከንድ ነው (በባልዲና በሰዓት ለካሁት)። ወንዙ የራሱ 3 ሚሊግራም አለው። ሲቀላቀል፦ 210 በ3 ሲደመር 2 በ2,880፣ ለ212 ሲካፈል 30። የ5 ቀኑን ምግቡ እስኪያልቅ ወደሚወስደው ሙሉ ኦክስጅን ስቀይር 38.8።

ኅዳር 19

ሞዴሉን አስኬድኩ። ለኬ2 የተጠቀምኩት የኦኮነርና ዶቢንስን ቀመር ነው፤ በፍጥነትና በጥልቀት ብቻ ይሰላል፣ 14.2 በቀን ሰጠኝ። መልሱ፦ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ኦክስጅን 6.6። ማለትም ወንዙ ፍሳሹን እንኳ አያውቀውም።

ቀን ላይ በአራት ቦታ የለካሁት፦ 400 ሜትር ላይ 5.6፣ 1,200 ላይ 4.5፣ 2,000 ላይ 3.9፣ 3,000 ላይ 3.8።

ልዩነቱ የልኬት ስህተት የሚባል አይደለም። ውሃው 3 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 2 ሰዓት ተኩል እንኳ አይፈጅበትም፤ በ0.3 ፍጥነት የሚበላ ባክቴሪያ በዚህ ጊዜ ውስጥ የምግቡን 3 በመቶ ብቻ ነው የሚጨርሰው። ወንዙ ውስጥ ሌላ የሚበላ አለ።

ኅዳር 22

እግሬ ነው ያገኘው። ከጣቢያው በታች ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ከጣቢያው በላይ አያንሸራትትም። አንድ ድንጋይ አንስቼ በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ግራጫ፣ ወፍራም ልጋግ። ባክቴሪያው ጠርሙሴ ውስጥ እንዳለው የሚንሳፈፍ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን አልብሶ ተቀምጦ፣ ምግቡ በላዩ ሲያልፍ ይቀበላል። 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ባለው ወንዝ እያንዳንዱ ጠብታ በተደጋጋሚ ድንጋይ ይነካል። ጠርሙስ ግን ድንጋይ የለውም።

ስለዚህ ኬ1ን ከጠርሙስ ሳይሆን ከወንዙ ማውጣት አለብኝ። ጣቢያው ሥር ቢኦዲ 30፣ 3 ኪሎ ሜትር ላይ 22.4። የሁለቱ ሬሾ ሎጋሪዝም በጉዞው ጊዜ (0.099 ቀን) ሲካፈል 3.0 በቀን ነው። ከጠርሙሱ አሥር እጥፍ! ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ሥር የዘቀጠ ሊሆን ይችላል፤ ወንዙ ፈጣን ስለሆነ ብዙ አይመስለኝም።

3.0 አስገብቼ አስኬድኩት። አሁን ደግሞ ሞዴሉ ከልክ በላይ ወረደ፤ 3 ኪሎ ሜትር ላይ 2.0፣ የተለካው 3.8። ኬ1ን ወደ 2 ዝቅ ባደርገው መጨረሻው ይገጥማል፣ ግን መሃሉ አይገጥምም፤ ደግሞም የለካሁትን ቁጥር ለማስማማት ብዬ መጣል አልፈልግም። የተረፈው ተጠርጣሪ ኬ2 ነው።

ኅዳር 24

የኦኮነርና ዶቢንስ ቀመር ጥልቅና ዝግ ላለ ወንዝ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ጥልቀት የሌለው የኦወንስና ባልደረቦቹ ቀመር አለ፦ 5.32 በፍጥነት ኃይል 0.67 ተባዝቶ በጥልቀት ኃይል 1.85 ይካፈላል። 24.4 በቀን ሰጠኝ። ድንጋይ ላይ የሚንፏፏ ውሃ የበለጠ አየር መጠጣቱ ዓይን ያየው ነው፤ ቀመሩን ስመርጥ ወንዙን ማየት ነበረብኝ።

ሞዴል፦ 5.7፣ 4.4፣ 3.9፣ 3.8። ልኬት፦ 5.6፣ 4.5፣ 3.9፣ 3.8። ሌላ ምንም ቁጥር አላስማማሁም። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

የጉድለቱ ጫፍ የሚገኝበትም ቦታ አሁን ተሰላ፦ የኬ2 ለኬ1 ሬሾ ሎጋሪዝም በልዩነታቸው ሲካፈል 0.098 ቀን፤ በርቀት 2.96 ኪሎ ሜትር። የእናቴ ወገኖች የሚቀዱበት ቦታ ማለት ነው። ቆሻሻው ሲገባ ኦክስጅኑ ገና አለ፤ መብላቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ያ ጊዜ በወንዙ ፍጥነት ሲባዛ እዚያ ያደርሳል።

ወርጄ ውሃ ለሚቀዱ አንዲት እናት ነገርኳቸው። «ልጄ፣ እኛስ ታች ነው ብለን ነበር፤ ማን ይስማን» አሉኝ።

ኅዳር 29

3.8 ግን ዓሣ ያስጨንቃል እንጂ በአንድ ሌሊት ጠራርጎ አይገድልም። ልጆቹ የሚያዩት ጠዋት ነው። ስለዚህ ሌሊት መለካት ነበረብኝ። ቡናው ከገበሬው ተሰብስቦ ጣቢያ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ስለሆነ መፈልፈያው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሠራል። ፍሳሹ 5 ሊትር በሰከንድ። ከአጎቴ ልጆች ጋር ባትሪ ይዘን ወረድን፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ 3 ኪሎ ሜትር፦ 0.8 ሚሊግራም በሊትር።

ታኅሣሥ 2–6

የስትሪተርና ፌልፕስ ቀመር ፍሳሹ ሳያቋርጥ እኩል እንደሚወጣ ያስባል። የእኔ በአራት ሰዓት ይመጣል፣ ያልፋል። ስለዚህ በቦታም በጊዜም የሚለወጠውን ሙሉ ፓርሻል ዲፈረንሻል እኩልታ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩ፤ መወሰድ፣ መሰራጨት፣ መበላት፣ አየር መመለስ።

ወንዙን በ20 ሜትር ቆራርጬ፣ ጊዜውን በ60 ሰከንድ አስኬድኩ። ኦክስጅኑ −312፣ ቀጥሎ 900፣ ከዚያ ማሽኑ ቁጥር መስጠት አቆመ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረውን ረስቼ ነው፦ ኩራን፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ በ1928 እ.ኤ.አ. ያሳዩት፣ ውሃው በአንድ የጊዜ እርምጃ ከአንድ ክፍል በላይ መሄድ የለበትም። 0.35 በ60 21 ሜትር ነው፤ ክፍሉ 20። ፈጣኑ ቦታ ላይ ደግሞ 30 ሜትር።

ጊዜውን ወደ 20 ሰከንድ ዝቅ አደረግሁ። ረጋ፤ መልሱም የሚታመን ይመስል ነበር። ያስቀመጥኩት የጨው መዝገብ እዚህ ጋ ጠቀመኝ። ሞዴሉን በጨው ሞከርኩት፤ ጉብታው ወንዙ ላይ ካየሁት በጣም ሰፍቶ ወጣ። ዘዴው ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ 2.3 ስኩዌር ሜትር በሰከንድ የሚያህል ስርጭት ይጨምራል፤ የእውነተኛው ሦስት እጥፍ ገደማ። ያረጋጋውም ይኸው የውሸት ስርጭት ነበር። ጨዉን ባላፈስስ ኖሮ አላውቅም ነበር።

ክፍል 2 ሜትር፣ ጊዜ 1 ሰከንድ። የውሸቱ ስርጭት 0.3 አካባቢ ወረደ፤ እሱን ከ0.8 ቀንሼ የቀረውን አስገባሁ፤ የጨው ጉብታው ገጠመ። በየክፍሉ የሚዞረው ሉፕ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር፤ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ባትሪው ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ነምፓይ በሚባለው የፓይተን የስሌት መሣሪያ በአንድ መስመር ስጽፈው 2 ሰከንድ።

ታኅሣሥ 9

የሌሊቱን ፍሳሽ አስገባሁ። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ኦክስጅን −0.9። ይህ እንደ ባለፈው የእርምጃ ስህተት አይደለም፤ ክፍሉን ባሳንስም አይለወጥም። እኩልታው ራሱ ነው የተሳሳተው። ባክቴሪያ ኦክስጅን ኖረም አልኖረም በዚያው ፍጥነት ይበላል ይላል። ሕይወት ያለው ነገር ግን እንደዚያ አያደርግም፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ይዘገያል።

ዜሮ ላይ ቁረጠው ማለት ይቻል ነበር። አላደረግሁትም፤ ያኔ ያልተበላው ምግብ ሂሳቡ ውስጥ እንደተበላ ይቆጠራል፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በታች ያለው ሁሉ ከእውነቱ የጸዳ ይመስላል። የሞኖድን ቅርጽ አስገባሁ፦ ኬ1 በኦክስጅን ተባዝቶ፣ በኦክስጅንና 0.5 ድምር ይካፈላል። ኦክስጅን ሲበዛ ማባዣው አንድ ይጠጋል፤ ሲያልቅ ወደ ዜሮ ይሄዳል።

ይህ የቀኑን መስመር ትንሽ ስላነሳው ኬ1ን ወደ 3.4 አስተካከልኩ፤ የቀኑ ተመለሰ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳልነካ ሌሊቱን አስኬድኩ፦ 0.9 አካባቢ። የተለካው 0.8። 0.5ን ከተለመደው ክልል መርጬ ነው እንጂ ለክቼ አይደለም፤ ይህ ደካማው ቦታዬ ነው።

ታኅሣሥ 14

ወጪ እስካሁን፦ እስክሪብቶ 1,800፣ ቦቲ 1,100፣ ጨው አራት ጊዜ 800፣ ባጃጅ ዘጠኝ ጉዞ 4,500፣ በረዶና ጠርሙስ 650። 8,850 ብር።

ሞዴሉን «ቢሆንስ» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ፍሳሹን ምንም ሳናጣራ፣ ጉድጓድ ውስጥ አቆይተን በ24 ሰዓት እኩል ብንለቀውስ? የሌሊቱ 72 ሜትር ኩብ ነው፣ የቀኑ 43፤ በድምሩ 115። በሰከንድ 1.33 ሊትር ይሆናል። ዝቅተኛው ኦክስጅን ከ0.9 ወደ 4.7 አካባቢ ከፍ አለ፤ ያው ቆሻሻ፣ ያው ወንዝ፣ ሰዓቱ ብቻ ተለውጦ። ጉድጓዱ 10 በ8 ሜትር ሆኖ 1.5 ሜትር ቢቆፈር ይበቃዋል።

ሥዕሉን ይዤ ጣቢያው ሄድኩ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፣ ተቀምጦ ሰማኝ። ቦታ የለንም አለ። ከማድረቂያ አልጋዎቹ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት አሳየሁት፤ ቦታው ወደ ወንዙ ስለሚወርድ ፓምፕ እንኳ አያስፈልግም፣ መውጫው ላይ ያለ ቀዳዳ መጠኑ ከተስተካከለ በራሱ ይለቃል። ቀዳዳው ግን ውሃው ሲሞላ ይፈጥናል፣ ሲጎድል ይዘገያል፤ ፍጥነቱ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው። እኩል እንዲለቅ ቱቦውን ከተንሳፋፊ ጀሪካን ጋር አስሮ አፉን ሁልጊዜ ከውሃው ፊት እኩል ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል። «ይህን በጀሪካን አሳየኝ» አለኝ። ተስማማን።

ታኅሣሥ 17

በ200 ሊትር በርሜል ሞከርኩት። የመጀመሪያው ቱቦ ግትር ስለነበር ጀሪካኑን ወደ ጎን ጎተተው፣ አየር ገባበት፣ ቆመ። ለስላሳ የአትክልት ቱቦ ስቀይርና ጀሪካኑ ውስጥ ግማሽ አሸዋ ስሞላ ከላይ እስከ ታች በተመሳሳይ ፍጥነት ለቀቀ፤ በየ5 ደቂቃው የለካሁት ልዩነት ከ4 በመቶ አልበለጠም። ገለፈት ሲገባበት ግን በ20 ደቂቃ ተዘጋ። አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ማሰር አለብኝ።

ሌላው ጭንቀቴ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ወንዙ መጉደሉ ነው። ትናንት በብርቱካን ስለካው 140 ሊትር በሰከንድ ገደማ ነው፤ መፈልፈያው ደግሞ አሁን ነው ሥራ የበዛበት። ፍጥነቱም ጥልቀቱም ስለተለወጠ ኬ2ም፣ የጫፉ ቦታም ይለወጣል፤ ጫፉ ወደ ጣቢያው ይጠጋል ብዬ እገምታለሁ፣ ግን ግምቴን ሁለት ጊዜ አርሞኛል ይህ ወንዝ። ለቅዳሜ 5 ኪሎ ጨው ገዝቻለሁ፤ የወንፊቱን ሽቦ ደግሞ ከመርካቶ ሰፈር ብረታ ብረት ሱቆች ነገ እፈልጋለሁ።